የዳማ ጀርባና የሎላ ጉልበት፦ የ12 ሳምንት የእሽታ ሥራ ማስታወሻ

ከሥራው በፊት

በዚህ ማስታወሻ የምከታተላቸው ሁለት እንስሳት ናቸው። የመጀመሪያው ዳማ የሚባል የ14 ዓመት ሰንጋ ፈረስ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ኮርቻ ሲቀርብለት ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ በሶምሶማ ደህና ሄዶ ወደ ደንገላሳ ሲሻገር ደግሞ ጀርባውን እያሰረጎደ አንገቱን ያቀናል፣ በተለይም ወደ ግራ መዞር አይወድም። የእንስሳት ሐኪሟ አስሩጠውና ዳስሰው ከመረመሩት በኋላ የሚያነክስበት እግር እንደሌለና ጥርሱም ጤነኛ እንደሆነ አረጋግጠው፣ ችግሩ ከጀርባ ጡንቻ ሊሆን እንደሚችል በመግለጽ እሽታ እንዲጀመርለት በጽሑፍ ፈቅደዋል።

ሁለተኛዋ ሎላ ናት፤ የ6 ዓመት፣ 31 ኪሎ የምትመዝን ውሻ። የግራ ጉልበቷ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከ15 ቀን በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። የተደረገላት ባርክሌይ ስሎከም የተባሉት አሜሪካዊ የእንስሳት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቁት ዓይነት ነው፤ የተበጠሰውን ጅማት አይተካም፣ ይልቁንም የቅልጥሙ አናት በቅስት ተቆርጦ ይዞርና ተዳፋትነቱ ሲቀንስ በብረትና በብሎን ይታሰራል፤ በዚህም የጭኑ አጥንት በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ መንሸራተቱን ያቆማል። የተቆረጠው አጥንት እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የእኔ ድርሻ ጉልበቱን ማዳን አይደለም፤ ጉልበቱ እስኪድን ድረስ የቀረው አካል እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው።

ለራሴ የጻፍኩት ክልከላ አጭር ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ቆዳው የቆሰለ ወይም በፈንገስ የተያዘ፣ ወይም ጉዳቱ ገና ሦስት ቀን ያልሞላው እንስሳ አይታሽም፤ ዕጢ ያለበት ያለ ሐኪም ቃል አይነካም። ፈረስ ከሥራ በኋላ ታፋው እንደ እንጨት ጠጥሮ፣ እያላበውና እየተንቀጠቀጠ መራመድ ካቃተው፣ ሽንቱም ከጠቆረ፣ ያ የጡንቻ ሕዋስ መፍረስ ምልክት ስለሆነ ማሸትም ማራመድም ጉዳቱን ያባብሳል፤ ባለበት አቁሞ ሐኪም መጥራት ነው። ይህን ጎላ አድርጌ የምጽፈው፣ ታፋ ጠጥሮ ሲገኝ ለእጅ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ትንሽ ቢታሽ ይለቀው ነበር» የሚል ስለሆነ ነው።

1ኛ ሳምንት፣ ሰኞ (ዳማ)

ዛሬ ከነበረኝ አንድ ሰዓት ግማሹን ያሳለፍኩት በማየት ብቻ ነው። ዳማ በጋጣው ውስጥ ሳይታሰር ሲቆም፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ የቀኝ የኋላ እግሩን ሦስት ጊዜ አሳረፈ፣ ግራውን ግን አንድም ጊዜ አላሳረፈም። ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ ማሳረፉ የተለመደ ነው፤ አንዱን ብቻ መምረጡ ምክንያቱ ባይታወቅም ሊመዘገብ ይገባዋል። ከመንጋጋው ሥር የቆጠርኩት የልብ ምት በደቂቃ 40፣ ትንፋሹ 12፣ ሙቀቱ 37.8 ዲግሪ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ምት፣ ከ8 እስከ 16 ትንፋሽ፣ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሙቀት ስለሚኖረው ከደንቡ የወጣ ነገር የለም፤ ምቱ ግን ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋል።

ከዚያ ፊቱን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው በፈረስ ፊት ላይ ሕመምን የሚለካ ዘዴ ስድስት ነገሮችን ያያል፤ የጆሮ ወደ ኋላ መገተር፣ የዓይን ሽፋን መጥበብ፣ ከዓይን በላይ ያለው ስፍራ መወጠር፣ የማኘኪያ ጡንቻ መጉላት፣ የአፍና የአገጭ መኮማተር፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መወጠር። እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ድምር 12 ነው። ለዳማ 5 ሰጠሁት።

ዳሰሳውን ከአንገቱ ጀምሬ በጠጉሩ አቅጣጫ ወደ ትከሻው ወረድኩ። የፈረስ የፊት እግር ከግንዱ ጋር በአጥንት መገጣጠሚያ አይያያዝም፤ ፈረስ ትከሻን ከደረት የሚያያይዘው የማኅተብ አጥንት የለውም፣ ደረቱ በሁለቱ ወርቾች መካከል በጡንቻ ማቀፊያ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ከክብደቱ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት ደግሞ እነዚሁ የፊት እግሮች ናቸው። በዚህ ምክንያት የጀርባ ሕመም ያለበትን ፈረስ ስዳስስ ጀርባው ጋ ከመድረሴ በፊት የወርቹን ሥር ሳላይ አላልፍም። ዳማ እዚያ ደህና ነው።

ጀርባው ላይ ግን እጄ ቆመ። በአከርካሪው ግራና ቀኝ ከዳሌ እስከ አንገት ሥር የሚዘልቀው ጡንቻ በፈረስ አካል ውስጥ ረጅሙ ሲሆን፣ ኮርቻውም ጋላቢውም የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። በግራ በኩል፣ ከ13ኛው እስከ 15ኛው የጎድን አጥንት ባለው ስፍራ፣ መዳፍ የሚያህል ርዝመት ያለው የተወጠረ ገመድ የመሰለ ነገር አገኘሁ። መጀመሪያ በጣቴ ጫፍ ቀለል አድርጌ ስነካው ቆዳው እርግፍ እርግፍ አለ። ይህ ዝንብ ለማባረር የሚያገለግለው ከቆዳ ሥር ያለ ስስ ጡንቻ ሥራ ነው፤ ጀማሪ እያለሁ ይህንኑ ሕመም እያልኩ ስንት ጊዜ እንደመዘገብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ መዳፌን ሙሉ ለሙሉ አሳርፌ ቆዳው እስኪረጋ ጠበቅኩና ክብደቴን ቀስ በቀስ ጨመርኩ። አሁን ቆዳው ጸጥ እንዳለ ሥረኛው ሥጋ ከእጄ ሥር ጠጠረ፣ ጀርባው ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ፣ ዓይኑም ጠበበ። ሕመም ማለት ይህ ነው።

ዛሬ ገመዱን አልነካካሁትም። ጋማው የሚያበቃበትን የትከሻ ከፍታ ለአሥር ደቂቃ አሸሁለት፤ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ላይ ሲሆን፣ ያ ስፍራ ሲታከክ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስጨርስ ምቱ 36 ነበር።

1ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ (ሎላ)

የማያንሸራትት ምንጣፍ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በቀኝ ጎኗ አስተኛኋት። የጭኗን ዙሪያ በሜትር ስለካ ግራው 36 ሴንቲ ሜትር፣ ቀኙ 40.5 ሆነ። መለኪያው ትርጉም የሚኖረው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲለካ ስለሆነ፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት ካለው ርዝመት አንድ ሦስተኛውን ወርጄ ጠጉሯ ላይ ምልክት አደረግኩ። ሐኪሟ ካስቀመጡልኝ ወሰን ሳላልፍ ጉልበቱን በማዕዘን መለኪያ ስለካው ሲታጠፍ 58 ዲግሪ፣ ሲዘረጋ 146 ዲግሪ ደረሰ። ጤነኛ ላብራዶር ወደ 42 ይታጠፋል፣ ወደ 162 ይዘረጋል።

ጠባሳውን አልነካሁም። እጄን ታፋዋ ላይ ሳላንቀሳቅስ አንድ ደቂቃ ካቆየሁ በኋላ፣ ከቋንጃዋ ወደ ብሽሽቷ በረጅሙና በቀላሉ ዳበስኳት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቋንጃ አካባቢ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መንገድ የለውም፤ የሚሸኘውም በጉልበት ሳይሆን በዝግታ ነው። በ12 ደቂቃ ጨረስኩ።

2ኛ ሳምንት

ዳማን ሰኞና ሐሙስ 40 ደቂቃ፣ ሎላን በሳምንት ሦስት ጊዜ 15 ደቂቃ ለማሸት ወሰንኩ። ከዚህ በላይ ሲሆን ሁለቱም ይሰለቻሉ፤ የተሰላቸ እንስሳ ደግሞ ጡንቻውን አይለቅም።

የምጠቀምባቸው የእሽታ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፦ ረጅም ዳበሳ፣ እያነሡ መጭመቅ፣ በጡንቻው ክር ላይ ማሻገር። ዛሬም ድረስ የሚጠሩባቸውን የፈረንሳይኛ ስሞች ሥርዓት አስይዘዋል የሚባሉት በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን መዝገር ናቸው፤ እሳቸው ያከሙት ግን ሰውን ነበር። ወደ ስፖርት ፈረሶች በማምጣት ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊው ጃክ ሚገር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአገራቸው የፈረስ ግልቢያ ቡድን ጋር ሠርተዋል።

የፈረሱ ባለቤት እሽታው «የተጠራቀመውን አሲድ ያወጣል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አያወጣም። በሩጫ ጊዜ የሚመረተውን ላክቴት ሰውነቱ ራሱ ሩጫው ካበቃ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ያጠራዋል፤ ከሁለት ቀን በኋላ የምመጣው እኔ የማወጣው ነገር የለም። እሽታ የተወጠረን ጡንቻ እንደሚያላላና ጀርባ ላይ ሲጫኑት የሚሰማውን ሕመም ለጊዜው እንደሚቀንስ ግን መናገር እችላለሁ፤ «ለጊዜው» የምትለውን ቃል አስምሬባት ነው የነገርኳቸው።

3ኛ ሳምንት

በዚህ ሳምንት የራሴን ስሕተት መመዝገብ አለብኝ። ዳማ ገመዱ ዙሪያ ሳሸው አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠለጠለ፣ ከዚያም ከንፈሩን እየላሰ አኝኮ ሁለት ጊዜ በረጅሙ አዛጋ። ፈረስ ላይ ይህ ውጥረት ሲለቅ የሚታይ ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በማግስቱ ሎላ ከወገቧ በታች ስደርስ አፍንጫዋን ላሰች፣ ደገመች፣ አዛጋችም። «ተዝናናች» ብዬ ግፊቱን ጨመርኩ። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር የዓይኗን ነጭ እያሳየች አየችኝና ተነሥታ ሄደች።

ውሻ የሚበላ ነገር በሌለበት አፍንጫዋን ደጋግማ ስትልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣት ስታዛጋና ፊቷን ስትመልስ «አልተመቸኝም» ማለቷ ነው። ይህን አውቀዋለሁ፤ ግን የፈረሱ ቀን በእጄ ላይ ስለቀረ ውሻዋን በፈረስ ቋንቋ አነበብኳት። አርብ ዕለት ወገቧን ትቼ ትከሻዋን ብቻ ነካሁ፣ በየሦስት ደቂቃውም እጄን አንሥቼ ጠበቅኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተጠግታ ራሷን ከእጄ ሥር አስገባች። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ፈቃድ ሳልጠይቅ አልቀጥልም።

4ኛ ሳምንት

የዳማ ገመድ ሐሙስ ዕለት ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። የጠጠረው ስፍራ በአውራ ጣቴ ሥር ቀስ እያለ ሲሟሟ ተሰማኝ፣ የፊቱ ነጥብ ወደ 2 ወረደ። ቅዳሜና እሑድ ተጋለበ። ሰኞ ስመለስ ገመዱ በዚያው በግራ ጎን፣ በዚያው በ14ኛው የጎድን አጥንት ላይ፣ በዚያው ርዝመት ቁጭ ብሏል።

ይህ በአራት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። አንድ ጡንቻ ለቆ በሌላ ቦታ ቢወጠር ፈረሱ አቋሙን እያስተካከለ ነው ብዬ እታገሥ ነበር፤ ሐሙስ ለቆ ሰኞ በዚያው ጣት በማታልፍ ቦታ ላይ መመለሱ ግን አንድ ነገር በየቀኑ እየሄደ እዚያ ላይ እንደሚጫነው ይናገራል። ኮቴው በቅርቡ ተጠርቧል፣ ጥርሱ ታይቷል። ኮርቻውን ግን እኔ አላየሁትም፤ ሁልጊዜ የምደርሰው ከወረደ በኋላ ነው።

5ኛ ሳምንት

ሎላ ጠባሳዋን ስትልስ አድራ ቆዳው ቀልቷል፣ እርጥበትም አለው። ሙቀቷ 39.7 ነው፤ የጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ነው። እጄን ሳላሳርፍ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ ያው ቀን አይተዋት የላይኛው ቆዳ ብቻ እንደተበከለ ነገሩን፣ የአንገት መከላከያዋም ተመለሰላት። ሳምንቱን ሙሉ እሽታ የለም።

6ኛ ሳምንት

ዛሬ ቀድሜ ደርሼ ዳማ ሲጫን አየሁ። ኮርቻው ሲቀመጥለት የኋለኛው ጫፉ ከመጨረሻው፣ ከ18ኛው የጎድን አጥንት አላለፈም፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ለ40 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ከሠራ በኋላ ኮርቻውን ከነግላሱ ቀጥ አድርገን አነሣንለት። ጀርባው በላብ ርሷል፣ በግራ በኩል ግን ከላቡ መካከል መዳፍ የማይሞላ ደረቅ ስፍራ ቀርቷል። ደረቅ ስፍራ ብቻውን አያስፈርድም፤ ኮርቻው ጨርሶ ሳይነካው ሲቀርም እንዲሁ ይደርቃል፣ ከልክ በላይ ሲጫነውም ይደርቃል። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ጠጉሩን በጣቴ ገለጥኩ። ጫፉ ተቆራርጧል፣ ከዳማው ጠጉር መካከልም ሰባት ወይም ስምንት ነጭ ጠጉሮች በቅለዋል። ነጭ ጠጉር የሚበቅለው ለረጅም ጊዜ ከመጫን የተነሣ የጠጉሩ ሥር ሲጎዳ ነው። ጣቴን ሳላነሣ አከርካሪውን ተከትዬ ቆጠርኩ፤ 14ኛው የጎድን አጥንት።

ኮርቻውን ገልብጠን አግዳሚ ላይ አስቀመጥነውና ሁለቱን ትራሶች በአውራ ጣቶቼ እኩል እየተጫንኩ ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ቀኙ ከዳር እስከ ዳር ይሰምጣል። ግራው ከመሃሉ ትንሽ አለፍ ብሎ አይሰምጥም፤ በውስጡ ያለው የሱፍ ሙሌት ተጠቅልሎ እንደ ቡጢ ጠጥሯል። ባለቤቱም በጣታቸው ነክተው ዝም አሉ።

አራት ሳምንት ሙሉ ኮርቻው በየቀኑ የሚሠራውን እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ሳፈርስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ፈረሱን በማየቴ ስመጻደቅ አምስት ደቂቃ ኮርቻውን ብገለብጠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ግኝቱን ለሐኪሟ ጽፌ ላክሁ፤ ኮርቻው ወደ ባለሙያ ሄደ፣ ዳማም ሙሌቱ ተፍታቶ እስኪመለስ ድረስ ያለ ኮርቻ በእጅ ብቻ ይራመዳል።

7ኛ ሳምንት

ገመዱ ሰኞ ለቀቀ፣ ሐሙስም አልተመለሰም። የሎላ ቆዳ ድኗል፤ እሽታው ካቆመበት ቀጥሏል።

8ኛ ሳምንት

የሎላ ራጅ ታየ፤ ቀዶ ጥገናው ከተደረገ 10 ሳምንት ሆኖታል፣ አጥንቱም ገጥሟል። ሐኪሟ የእግር ጉዞዋን ቀስ በቀስ እንድናራዝም፣ እኔም የጭኗን ጡንቻ ጠለቅ አድርጌ እንድሠራ ፈቀዱ። የኋለኛው የጭን ጡንቻ ጉልበቱ ሁልጊዜ በከፊል ታጥፎ ስለከረመ አጥሯል፤ እያነሣሁ ጨመቅኩት፣ ከዚያም ራሷ ቆማ እግሯን ወደ ኋላ እስክትዘረጋ ጠበቅኩ። እኔ ጎትቼ አልዘረጋሁላትም።

ዳማ ላይ አዲስ ነገር ጨመርኩ። በካሮት እየተመራ አገጩን ወደ ደረቱ፣ በሁለቱ የፊት ጉልበቶቹ መካከል፣ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሽንጡ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በስምንት ፈረሶች ላይ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ለሦስት ወር ሲሠራ ከአከርካሪ ጋር ተጣብቆ የሚገኘው ጥልቅ ጡንቻ እንደሚወፍር አሳይቷል፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አምስት አምስት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እሽታ ጡንቻን ያላላል እንጂ አያወፍርም፤ ዳማ ደግሞ አሁን የሚያስፈልገው ኮርቻ የሚሸከምበት ሥጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ግራ ሽንጡ ለመድረስ የኋላ እግሩን አንሸራተተ፤ ወደ ቀኝ ግን ቆሞ ደረሰ። የባለቤቱ ሥራ ነው ብዬ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም አንድ ቀን አላስታጎሉም።

10ኛ ሳምንት

ሎላ ከእግር ጉዞ ስትመለስ እርምጃዋ ይከብዳል ተባለ። ጉልበቷን ሳይ አላበጠም፣ አይሞቅም። ከዚያ እንደ ልማዴ ከአንገቷ ጀምሬ ስወርድ በቀኝ ወርቿ ላይ፣ ከትከሻ አጥንቷ ኋላ፣ እጄን ሳሳርፍ ትንፋሿን ያዘች። ውሻም እንደ ፈረስ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉን የምትሸከመው በፊት እግሮቿ ነው፤ አንዱ የኋላ እግር ሲታመም ደግሞ ጭነቱ ወደ ሌላኛውና ወደ ፊት ይሸጋገራል። አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ የግራውን የኋላ እግር ያገዘው ወርች አሁን ሒሳቡን አቀረበ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ አሳለፍኩ፤ በአራተኛው ቀን ትንፋሿን መያዟ ቀረ። ወርቿን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ብነካም በልኬት መዝገቡ ላይ ስላላሰፈርኩት መቼ እንደጀመራት መናገር አልችልም።

12ኛ ሳምንት

ሎላ፦ የግራ ጭን 39 ሴንቲ ሜትር፣ ቀኙ 40.5። ጉልበቷ ወደ 45 ይታጠፋል፣ ወደ 158 ይዘረጋል። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የእሽታው፣ ስንቱ የእግር ጉዞው፣ ስንቱ የጊዜው እንደሆነ ለይቼ አልጽፍም፤ የሚለይ መለኪያም አላደረግኩም። አንዱ ጉልበቷ የተበጠሰ ውሻ ሌላኛውም የመበጠስ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ቀኙንም በየወሩ እለካለሁ።

ዳማ፦ የልብ ምት 34፣ የፊት ነጥብ 1። በ14ኛው የጎድን አጥንት ላይ ክብደቴን ሙሉ ስጥል ቆዳውም ሥጋውም ጸጥ አሉ። የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ ያሳርፋል። አፉን ወደ ግራ ሽንጡ ሳያንሸራትት ያመጣል፤ በደንገላሳ ወደ ግራ ሲዞር ጀርባው አልሰረጎደም።

በመጨረሻ ኮርቻውን ያለ ግላስ አስቀመጥኩና እጄን ከሥሩ አስገባሁ። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ መዳፌ በቀላሉ ያልፍበት የነበረው ከትከሻው ኋላ ያለው ስፍራ አሁን ጣቶቼን ያዛቸው፤ የጀርባው ሥጋ ስለሞላ በስድስተኛው ሳምንት የተስተካከለው ሙሌት አሁን ጠበበው። ለባለቤቱ አሳየኋቸው። የኮርቻው ባለሙያ በሚመጣው ሰኞ እንዲያዩት ተስማማን፤ በዚህ ጊዜ ግን እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ እገኛለሁ።